የእንግሊዝኛ ቃላትን ወደ ጃቫኛ እንዴት እንተርጉም? ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሰው «መብላት በጃቫኛ ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው። የሚበላው ማን ነው? የምታወሩትስ ከማን ጋር ነው? ለጓደኛችሁ አንድ ቃል አለ። ስለ ራሳችሁ ለትልቅ ሰው በአክብሮት ስትናገሩ ሌላ ቃል አለ። ስለ አያታችሁ ስትናገሩ ደግሞ ሦስተኛ ቃል አለ። መዝገበ ቃላት ገልጠው መጀመሪያ ያገኙትን ቃል የሚያነሡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በጃቫኛ ትርጉም የሚጀምረው ከሰዎቹ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ኋላ ይመጣል። ይህ መመሪያም የተደራጀው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። ጃቫኛ የሚነገረው በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ነው፣ በተለይ በመካከለኛውና በምሥራቁ ክፍል። የተናጋሪው ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ 80 ሚሊዮን ተብሎ ይገመታል። በደሴቲቱ ምዕራብ የሚነገረው ሱንዳኛ ሌላ ቋንቋ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋ ኢንዶኔዥያኛም እንዲሁ ሌላ ነው። በገልፍ አገሮች ከጃቫ ከመጡ ሴቶች ጋር በአንድ ቤት የሠሩ እህቶቻችን ይህን ልዩነት በጆሯቸው ያውቁታል፤ ሴቶቹ ለሌላ ኢንዶኔዥያዊ የሚናገሩትና ለአገራቸው ልጅ በስልክ የሚያወሩት አንድ አይደለም። እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን ወደ ጃቫኛ የምንሻገረው በእንግሊዝኛ በኩል ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛውን ወጥመዶች ጭምር ማወቅ አለብን።

ጃቫኛ ዛሬ በአብዛኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል። እዚህ ግን ቃላቱን እንደሚነገሩት በእኛ ፊደል አስቀምጣለሁ። «ንግ» ስታዩ ብዙ ጊዜ በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ መሆኑን ያዙልኝ።

1. መጀመሪያ ሰዎቹን ለዩ

ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ተናጋሪው ማን ነው? ሰሚው ማን ነው? የሚወራለት ሰው ማን ነው? ሦስቱንም ሳትመልሱ ወደ ቃሉ አትሂዱ።

ለጓደኛ፣ ለታናሽ፣ ለልጅ የሚነገረው ንግግር «ንጎኮ» ይባላል። ለማታውቁት ሰው፣ ለትልቅ ሰው፣ ለአማት፣ ለአለቃ የሚነገረው «ክሮሞ» ነው። በመካከላቸው «ማድዮ» የሚባል ለዘብ ያለ አነጋገር አለ፣ ገበያ ላይ የሚሰማ ዓይነት። ከእነዚህ ሌላ «ክሮሞ ኢንጊል» የሚባሉ ጥቂት መቶ ቃላት አሉ። እነዚህ የሚከበረውን ሰው አካል፣ ድርጊትና ንብረት የምንጠራባቸው ናቸው። ሰሚው ማንም ይሁን ማን፣ ስለ ተከበረ ሰው ስታወሩ ይገባሉ።

በተግባር እንየው። መብላት በንጎኮ «ማንጋን»፣ በክሮሞ «ነዶ»፣ በክሮሞ ኢንጊል «ዳሀር» ነው። መተኛት «ቱሩ»፣ «ቲለም»፣ «ሳሬ» ይሆናል። መሄድ «ሉንጎ»፣ «ኬሳህ»፣ «ቲንዳክ»። ቤት «ኦማህ»፣ «ግሪዮ»፣ «ዳለም»። የእንግሊዝኛው «ዩ» ደግሞ «ኮዌ»፣ «ሳምፔያን»፣ «ፓንጀነንጋን» እያለ ከፍ ይላል።

ለእኛ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። «አንተ» እና «እርስዎ» እንላለን። «ሞተ» እና «አረፉ» እንለያለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በአማርኛ «በላ» ወደ «በሉ» ሲሄድ ግሡ ያው ነው፣ የሚቀየረው መጨረሻው ነው። ጃቫኛ ግን ቃሉን ከነሥሩ ነቅሎ በሌላ ይተካዋል። ስለዚህ አንድን ቃል «አወቅሁ» የምትሉት ጓደኞቹንም ስታውቁ ነው።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር አብረን እንሥራ። «አያቴ በልተዋል፣ እኔ ገና አልበላሁም» ማለት ፈልገን ነው እንበል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም መብላት በአንድ ግሥ ይለዋል። ለጎረቤት ሽማግሌ በክሮሞ ስትናገሩ፦ «ሲምባህ ሳምፑን ዳሀር፣ ኩሎ ዴሬንግ ነዶ።» አያት «ዳሀር»፣ እኔ «ነዶ»። ለጓደኛችሁ ስትነግሩት ደግሞ፦ «ሲምባህ ዊስ ዳሀር፣ አኩ ዱሩንግ ማንጋን።» ልብ በሉ፣ ከጓደኛ ጋር በንጎኮ እያወራን እንኳ አያትየው «ዳሀር» እንደያዙ ቀሩ። «እኔ» ከ«ኩሎ» ወደ «አኩ» ወረደ፣ «ገና» ከ«ዴሬንግ» ወደ «ዱሩንግ» ወረደ፣ የአያት መብላት ግን አልተነካም።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ጠንካራ ነው፦ የክሮሞ ኢንጊል ቃል ለራሳችሁ አትጠቀሙ። «ኩሎ ዳሀር» ማለት በአማርኛ «እኔ በሉ» እንደማለት ነው። ትሕትና ያሳዩ መስሏቸው ትልቁን ቃል ለራሳቸው የሚወስዱ ብዙ ናቸው፣ የጃቫ ወጣቶችም ጭምር። ለራስ የሚሆነው ጣሪያ ተራው ክሮሞ ነው።

አንዳንድ ግሦች ላይ ደግሞ ራስን ዝቅ የሚያደርግ ቃል አለ፣ «ክሮሞ አንዳፕ» ይባላል። «መስጠት»ን ውሰዱ። ለታናሽ ወንድሜ ገንዘብ ስሰጥ «ሜኔሂ» ነው። አባቴ ለእኔ ሲሰጡ «ማሪንጊ» ነው። እኔ ለአባቴ ስሰጥ «ኛኦሲ» ነው። የእንግሊዝኛው «ጊቭ» ብቻውን ቢመጣላችሁ አትተርጉሙት። ሰጪውና ተቀባዩ ማን እንደሆኑ እስክታውቁ ይቆይ።

ለማን እንደምትጽፉ ባታውቁስ? ለጠቅላላ አንባቢ የሚጻፍ ጽሑፍ ከሆነ ንጎኮ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1933 በምሥራቅ ጃቫዋ ከተማ ሱራባያ ውስጥ በዶክተር ሱቶሞ የተመሠረተው «ፓኘባር ሰማንጋት» መጽሔት የሚጻፈው በንጎኮ ነው፣ የጃቫኛ ዊኪፔዲያም እንዲሁ። ለሠርግ ጥሪ፣ ለንግግር፣ ለደብዳቤ ግን ክሮሞ ነው። ፊት ለፊት ከማታውቁት ሰው ጋር ስትነጋገሩም በክሮሞ ጀምሩ፤ ሰውየው ራሱ ወደ ንጎኮ ካወረደው ያን ጊዜ ተከተሉት።

2. የእንግሊዝኛውን ቃል ፍቺ ቁረጡ

እንግሊዝኛ ብዙ ነገር በአንድ ቃል ያጭቃል። ጃቫኛ ደግሞ ሕይወቱ በተመሠረተበት ጉዳይ ላይ እየከፋፈለ ይጠራል። ከሁሉ ግልጹ ሩዝ ነው። ማሳ ላይ ያለው ተክል «ፓሪ» ነው። ተወቅቶ ገለባው ያልተፈተገው ፍሬ «ጋባህ» ነው። ተፈትጎ ለማብሰል የተዘጋጀው «በራስ»፣ የበሰለው «ሰጎ»፣ ከበሰለው ውስጥ አንዷ ፍሬ «ኡፖ»፣ ድስቱ ሥር የተጣበቀው «ኢንቲፕ»፣ ጭዱ «ዳሜን»። እንግሊዝኛው «ራይስ» ብሎ ቢያልፍ እናንተ አትለፉ። ሱቅ የሚሸጠው «በራስ» ነው፣ ሳህን ላይ የሚቀርበው «ሰጎ» ነው። ነዶን፣ ጭድን፣ ሊጥንና እንጀራን ለይቶ የሚጠራ ሰው ይህ አይከብደውም።

መሸከምም እንዲሁ ነው። አጠቃላዩ ቃል «ንጎዎ» ነው። በጨርቅ ማዘል ግን «ንጌንዶንግ» ይባላል። ጠርሙስ የሞላ ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው የባህል መድኃኒት የሚሸጡ ሴቶች «ጃሙ ጌንዶንግ» የሚባሉት በዚህ ነው። በትከሻ ላይ በእንጨት አንጠልጥሎ መሸከም «ሚኩል»፣ በራስ ላይ «ኙንጊ»፣ በትከሻ ብቻ «ማንጉል»፣ ብብት ሥር «ንገምፒት»፣ በእጅ አንጠልጥሎ «ኛንኪንግ»፣ በሁለት ክንድ ታቅፎ «ምቦፖንግ»። እንግሊዝኛውን ስታነቡ ሥዕሉን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት፦ ዕቃው የት አካል ላይ ነው? መልሱ ቃሉን ይሰጣችኋል።

ዝምድና ላይ ዋናው ዕድሜ ነው። የእንግሊዝኛው «ብራዘር» ታላቅ ከሆነ «ማስ» ወይም «ካካንግ»፣ ታናሽ ከሆነ «አዲ»። ታላቅ እህት «ምባክዩ» ናት። «አንክል» ደግሞ ከወላጃችሁ የሚበልጥ ከሆነ «ፓክዴ»፣ የሚያንስ ከሆነ «ፓክሊክ»፤ ሴቶቹ «ቡዴ» እና «ቡሊክ»። በእናት ይሁን በአባት በኩል ለውጥ የለውም። «ማስ» እና «ምባክ» መንገድ ላይ ለማናውቀው ሰውም ያገለግላሉ፣ እንደ እኛ «ወንድሜ» እና «እህቴ»።

በተቃራኒው ጃቫኛ የማይለየው ነገርም አለ። የእንግሊዝኛው «ሂ» እና «ሺ» ሁለቱም «ዴዌኬ» ናቸው። ጾታው አስፈላጊ ከሆነ ከስሙ ወይም ከዝምድናው ይታወቅ።

«ፕሊዝ»ን ለብቻው አንሥቼ ላስጠንቅቅ። አንድ ምትክ የለውም። ዕርዳታ ስትጠይቁ «ቱሉንግ» ነው። ሰው ሲጋበዝ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይቅመሱ ሲባል «ሞንጎ» ነው። በሰው ፊት አቋርጣችሁ ስታልፉ «ኑውን ሴዉ» ትላላችሁ፣ ይቅርታ እንደማለት። አንዱን በአንዱ ቦታ ብታስገቡት ጋባዡ ለማኝ ይመስላል።

3. አሁን መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «ጃቫ» ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋው ይመጣባችኋል። የጃቫኛ ራሱን ስም፣ «ቦሶ ጆዎ»ን፣ በላቲን ጻፉት፤ ሁለቱንም ቃል በ«ኤ» (በላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል)፣ በ«ኦ» አይደለም። የቋንቋው ዓለም አቀፍ ምልክት «ጄ-ቪ» ነው። «ጄ-ኤ» የጃፓንኛ ስለሆነ ሶፍትዌር ላይ እንዳትሳሳቱ።

ከመዝገበ ቃላት መካከል የሮብሰንና የዊቢሶኖ የ2002 (እ.ኤ.አ.) ጃቫኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለእኛ ዓይነቱ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ለጥልቅ ሥራ የፑርዎዳርሚንቶ የ1939 (እ.ኤ.አ.) መዝገበ ቃላት «ባውሳስትሮ» አለ፣ ሙሉው በጃቫኛ ነው። ችግሩ አጻጻፉ የድሮ መሆኑ ነው። ዛሬ በ«ዩ» የሚጻፈው ያን ጊዜ በ«ኦ-ኢ»፣ ዛሬ በ«ጄ» የሚጻፈው በ«ዲ-ጄ»፣ ዛሬ በ«ዋይ» የሚጻፈው በ«ጄ» ነበር። ይህን ልብ ሳትሉ ብትፈልጉ ቃሉ የለም ብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ከቃሉ አጠገብ ያለችውን ምልክት አትዝለሏት። ንጎኮ፣ ክሮሞ ወይስ ክሮሞ ኢንጊል መሆኑን የምትነግር እሷ ናት። «ኬ-ኤን» የሚል ካያችሁ ለንጎኮም ለክሮሞም ይሆናል ማለት ነውና ደስ ይበላችሁ፤ «ቡኩ»፣ መጽሐፍ፣ እንደዚያ ነው።

ጎግል ትራንስሌት ጃቫኛ አለው። ለመጠቆም ይረዳል፣ ለመወሰን ግን አይበቃም። ለማን እንደምትናገሩ ስለማይጠይቃችሁ ንጎኮና ክሮሞን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊደባልቅ ይችላል። የኢንዶኔዥያኛ ቃልም ሾልኮ ይገባል። የሰጣችሁ ቃል ከኢንዶኔዥያኛው ጋር አንድ ከሆነ ጠርጥሩ። በኢንዶኔዥያኛ መብላት «ማካን»፣ ቤት «ሩማህ»፣ መተኛት «ቲዱር» ነው። ከላይ ካየናቸው ጋር አነጻጽሯቸው። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሩት ቃል ብዙ ስለሆነ ግን መመሳሰል ብቻውን ስሕተት አይደለም።

4. ሥሩን ፈልጉ

ብዙ የጃቫኛ መዝገበ ቃላት የሚደረደሩት በሥር ነው፣ እንደ እኛ «አስጻፈ»ን ፍለጋ «ጻፈ» ሥር እንደምንሄደው። ግሥ አድራጊ ሲሆን የመጀመሪያው ድምፅ ወደ አፍንጫ ይሄዳል። «ቱሊስ» «ኑሊስ» ይሆናል፣ መጻፍ። «ፓንጋን» «ማንጋን» ይሆናል። «ዎቾ» «ሞቾ»፣ ማንበብ። «ሳፑ» «ኛፑ»፣ መጥረግ። «ኪሪም» «ንጊሪም»፣ መላክ። ስለዚህ በ«ን» የሚጀምር ግሥ ቢጠፋባችሁ በ«ት»፣ በ«ም» የሚጀምር ቢጠፋባችሁ በ«ፕ» ወይም በ«ው»፣ በ«ኝ» የሚጀምር ቢጠፋባችሁ በ«ስ» ወይም በ«ች» ሞክሩ። በ«ግ»፣ «ድ»፣ «ብ»፣ «ጅ» የሚጀምሩት ድምፃቸውን አይጥሉም፣ የአፍንጫው ድምፅ ከፊታቸው ይደረባል። «ንጎዎ» ከ«ጎዎ» የመጣው እንዲህ ነው።

5. ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጡ

ጊዜ በግሡ ላይ አይታይም። የተፈጸመውን «ዊስ»፣ በመካሄድ ላይ ያለውን «ላጊ»፣ የሚመጣውን «አረፕ»፣ ገና ያልሆነውን «ዱሩንግ» ከፊቱ በማስቀመጥ ትናገራላችሁ። በክሮሞ «ሳምፑን»፣ «ሳወግ»፣ «ባዴ»፣ «ዴሬንግ» ይሆናሉ። የእንግሊዝኛውን «ኢዝ» ለመተርጎም አትድከሙ፣ ቦታ የለውም።

የመጨረሻ ቅጥያዎቹ ለአማርኛ ተናጋሪ ደስ ይላሉ። «ኑሊሲ» ማለት በአንድ ነገር ላይ መጻፍ ነው፣ የእኛ «ጻፈበት» ዓይነት። «ኑሊሳኬ» ለሰው መጻፍ ነው፣ የእኛ «ጻፈለት» ዓይነት። እንግሊዝኛ ሁለቱን በመስተዋድድ ነጥሎ ይናገራል፤ እኛና ጃቫኛ ግሡ ላይ እንለጥፋቸዋለን። በዚህ በኩል ከአማርኛ ብታስቡ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ይቀርባችኋል።

የሚወራው ስለ ዕቃው ከሆነ ደግሞ ጃቫኛ ዕቃውን ያስቀድማል። «ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ» ለማለት «ላያንጌ ዊስ ዳክቱሊስ» ይባላል። «ዳክ» እኔ፣ «ኮክ» አንተ፣ «ዲ» እሱ ወይም እሷ መጻፋቸውን ያሳያል። የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል ይዛችሁ «እኔ» ብላችሁ ብትጀምሩ ሰው ይረዳችኋል፣ ግን ትርጉም ትርጉም ይሸታል።

6. አጻጻፉን አስተካክሉ

ቃሉ የሚያበቃበት የላቲኑ «ኤ» በደሴቲቱ መካከል ባሉት ከተሞች በዮግያካርታና በሶሎ እንደ «ኦ» ይነበባል። የበሰለ ሩዝ የምንሰማው «ሰጎ» ብለን ነው፣ የሚጻፈው ግን በ«ኤ» ነው። ምክንያቱ ቅጥያ ሲመጣ ይታያል፦ «ሩዙ» ሲባል «ሰጋኔ» ይሆናል፣ የተደበቀው «አ» ይመለሳል። ከእነዚህ በስተ ምዕራብ በባኙማስ በኩል ያሉ ሰዎች ደግሞ መጀመሪያውኑ «አ» ብለው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ የሰማችሁትን «ኦ» ሁሉ በ«ኦ» አትጻፉ። «ሎሮ» በሁለት «ኦ» ሲጻፍ ሁለት ማለት ነው፣ በሁለት «ኤ» ሲጻፍ ሕመም ነው።

«ድ» እና «ት» ሁለት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ምላስ ጥርስን ነክቶ የሚወጣ ሲሆን በአንድ ፊደል ይጻፋል። ሌላው ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ የሚወጣ ሲሆን «ኤች» ይጨመርበታል። «ወዲ» ያለ «ኤች» መፍራት፣ ከ«ኤች» ጋር አሸዋ ነው። የእኛ ፊደል ይህን አይለይም። ሌላውን ግን ከላቲኑ በተሻለ ይለያል፦ «ገገር» ጀርባ ነው፣ «ጌጌር» ሁካታ ነው። በላቲን ጭረቱን ካልጨመሩበት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ማስታወሻችሁን በፊደላችን ብትይዙ ይህ ይጠቅማችኋል፣ አጠገቡ ላቲኑን እስካልረሳችሁ ድረስ።

የጥንቱን «ሀናቻራካ» ጽሕፈት የሚፈልግ ሥራ ከመጣላችሁ አትሽሹ። 20 መሠረታዊ ፊደላት አሉት፣ እያንዳንዱም ልክ እንደ ግዕዝ ፊደል ድምፅ ሰጪውን ከነተነባቢው ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት) ውስጥ ስለገባ በኮምፒውተር መጻፍ ይቻላል። ለምልክት ሰሌዳ ወይም ለጌጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ የላቲኑን አጻጻፍ አጥሩት፤ ስሕተቱ ወደ ሀናቻራካ ከተሻገረ በኋላ ለማየት ይከብዳል።

7. ለአዲስ ነገር አዲስ ቃል አትፍጠሩ

ሰዉ የሚጠራበትን ውሰዱ። ባቡር «ሰፑር»፣ ብስክሌት «ፒት»፣ ፍሪጅ «ኩልካስ» ነው፣ ሦስቱም ከደች የመጡ። ሞባይል «ሀፔ» ነው። የሳምንቱ ቀናት ከዓረብኛ ስለመጡ ለጆሯችን ይቀርባሉ፦ «ሰኔን»፣ «ሬቦ»፣ «ከሚስ»፣ «ጀሙዋህ»፣ «ንጋሃድ»። ግን «የዓርብ ሌሊት» ሲባል የሐሙስ ማታ ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ቀጠሮ ስትተረጉሙ በዚህ አንድ ቀን እንዳታስቱ። ከዚህ ጎን «ሌጊ፣ ፓሂንግ፣ ፖን፣ ዋጌ፣ ክሊዎን» የሚባል የ5 ቀን ሳምንትም አለ፣ ለገበያና ለድግስ ቀን የሚቆጠር።

አንዳንዴ ነባሩ ቃል ራሱ አዲሱን ይሸከማል። ፋይል ማውረድ «ንጉንዱህ» ይባላል። ከዛፍ ፍሬ መልቀም ማለት ነው። የወንድ ወገን ሙሽሮቹን ቤቱ ተቀብሎ የሚደግሰው ግብዣም «ንጉንዱህ ማንቱ» ነው፣ ከእኛ ቅልቅል ጋር የሚቀራረብ። የሠርግ ጥሪ ላይ ያገኛችሁትን ይህን ሐረግ ማሽን «ምራት ማውረድ» ብሎ ቢያመጣላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

8. ለሰው አሳዩ

ጥያቄያችሁ «ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ምን ይባላል?» አይሁን። እንዲህ ስትጠይቁ ብዙ ወጣቶች የኢንዶኔዥያኛውን ይሰጧችኋል። «ለአያትህ ብትነግራት እንዴት ትላታለህ? ለታናሽህስ?» በሉ። ከተቻለ አንድ በዕድሜ የገፋ፣ አንድ ወጣት ጠይቁ። ክሮሞው ላይ የትልቁን፣ ዛሬ በተግባር የሚባለው ላይ የወጣቱን እመኑ። የመጡበትንም አገር መዝግቡ። መማሪያ መጻሕፍት የሚከተሉት የሶሎንና የዮግያካርታን አነጋገር ነው። ሱራባያ ላይ ለአሉታ፣ ለ«አይደለም»፣ «ኦራ» በማለት ፈንታ «ጋክ» ይላሉ፣ ባኙማስ ላይ «አኩ» ቀርቶ «ኢኞንግ» ነው። ሁለት ሰዎች ባይስማሙ አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት አይደለም።

ያረጋገጣችሁትን ቃል ስትመዘግቡ ሥሩን፣ ንጎኮውን፣ ክሮሞውን፣ ካለው ደግሞ ክሮሞ ኢንጊሉን በአንድ መስመር ጻፉ። ከሥሩም ማን ለማን እንደተናገረው የሚያሳይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።